ያገረሸ የብሽሽት ቡአ፤ በጠባብ ቀዳዳ ወይስ በክፍት ቀዶ ሕክምና?



የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ገበሬ ቡአውን ለዓመታት በጨርቅ አስሮ ገብሱን ሲያጭድ፣ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሥራ ሲከለክለው፣ ሲብስም አንጀቱ ታንቆ በቃሬዛ ሲያዝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተቀዶ ቡአው ቢያገረሽበት፣ የሚጎዳው የእርሱ ጤና ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹም በቀዶ ሕክምና ላይ ያላቸው እምነት ነው።

ባሲኒ በ1887 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ስፌት አንሥቶ ሊክተንስታይን በ1980ዎቹ እስካስፋፋው መረብ ድረስ፣ የተለመደው ክፍት ቀዶ ሕክምና የብሽሽቱን ግድግዳ የሚደርስበት ከፊት ለፊት ነው። ቡአው አገርሽቶ በዚያው መንገድ ቢገባ፣ ቢላዋው የሚያገኘው ጠባሳን ነው። በጠባሳውም ውስጥ ነርቮች፣ የዘር ቱቦውና የዘር ፍሬው የደም ሥሮች ተጣብቀው ስለሚገኙ፣ ዘላቂ ሕመምና የዘር ፍሬ መሟሸሽ ሊከተል ይችላል። በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ግን ግድግዳውን ከኋላ፣ ቢላዋ ካልነካው ወገን ያገኘዋል፤ በሽተኛውም ፈጥኖ ወደ ሥራው ይመለሳል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፦ ፊተኛው ከፊት ከተሠራ ከኋላ በካሜራ፣ ፊተኛው ከኋላ ከተሠራ ከፊት በክፍት። እንግዲህ «በጠባብ ቀዳዳ ወይስ በክፍት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የመጀመሪያው ሐኪም በየት በኩል ገባ?» የሚለው ይቀድማል።

ካሜራው ደግሞ ዋጋ አለው። ሙሉ ማደንዘዣ፣ ጋዝ፣ የማይቋረጥ መብራትና ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። ክፍቱ ግን በጀርባ ወይም በአካባቢ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል። ደግሞም ከኋላ መግባት ያለ ካሜራ የማይቻል አይደለም፤ ናይሁስና ስቶፓ ካሜራው ከመምጣቱ በፊት በክፍት ቀዶ ሕክምና ይህንኑ ጎዳና አሳይተዋል። ዘዴው ግን የሠለጠነ እጅ ይሻል። የመረብ ውድነትም የማይፈታ እንቅፋት አይደለም። በኡጋንዳ 302 ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በርካሽ መረብ የተሠራላቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ያሳዩት ውጤት በውድ መረብ ከተሠራላቸው እምብዛም አልተለየም።

በሽተኛው የታነቀ አንጀት ይዞ ሲመጣ ግን ምርጫው ይጠባል፤ ያን ጊዜ ሕይወቱን ማዳን ይቀድማል፣ በአቅራቢያው ያለው ሐኪም በሚያውቀው መንገድ ይሥራ። ያልታነቀውን ያገረሸ ቡአ ግን ጊዜ ወስዶ፣ ልምድ ወዳለው ሐኪም መላክ ይገባል።

ላኪውም ተቀባዩም የሚመሩት በአንድ ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማግሥት ለበሽተኛው በሚሰጠው ወረቀት ላይ በየት በኩል እንደተገባ፣ በስፌት ወይም በመረብ እንደተሠራ፣ ነርቮቹም ምን እንደሆኑ ይጻፍ። ይህ ወረቀት ከሌለ ሁለተኛው ሐኪም በጨለማ ይገባል። ካሜራ ለመግዛት በጀት መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ይህን ለመጻፍ ግን ከዛሬ በላይ መዘግየት አያስፈልግም።