የመጨረሻው ሰዓት ቲኬት



የዓለም ዋንጫ ቲኬት ጨዋታው እንደ ተፈጸመ ዋጋ የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በተቃረበ መጠን ሻጩም ገዥውም ይጨነቃሉ፤ ዋጋውን የሚወስነው ከሁለቱ አብልጦ መታገሥ የቻለው ነው።

ለ2026 (እ.ኤ.አ.) ውድድር ፊፋ ባቋቋመው የዳግም ሽያጭ ገበያ፣ በአሜሪካና በካናዳ ለሚደረጉት ጨዋታዎች ሻጩ ያሻውን ዋጋ እንዲጠይቅ ተፈቀደለት፤ ከሻጩ 15፣ ከገዥውም 15 በመቶ ለፊፋ እንዲከፈል ተወሰነ። ደላላ ከሁለት ወገን መቀበሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መጠኑ ግን ያስገርማል። በ1,000 ዶላር የቀረበው ቲኬት ገዥውን 1,150 ያስወጣዋል፤ ለሻጩ የሚደርሰው 850 ነው። ቀሪው 300 ዶላር በመሥመር ላይ ይቀራል፤ ይህን ያህል ኃይል የሚያባክን ማስተላለፊያ ሠርተን ብናቀርብ የሚረከበን አይገኝም። ለሜክሲኮ ነዋሪዎች በተዘጋጀው መለዋወጫ ግን ቲኬት ከተገዛበት ዋጋ በላይ እንዳይሸጥ ተደርጓል። እንግዲያው ገደብ ማበጀት የማይቻል ነገር አልነበረም።

በዋሽንግተን የሚኖረው ወገናችን፣ ጨዋታው በፊላዴልፊያ ሲሆን፣ መንገዱ 2 ሰዓት ያህል የባቡር ጉዞ ነውና፣ እስከ ዕለቱ ጠዋት እቤቱ ተቀምጦ ዋጋው እስኪወርድ ሊጠባበቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ ቪዛ አስመትቶ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ከፍሎ የሚሄደው ግን ትዕግሥቱን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጨርሶታል፤ የመጨረሻው ሰዓት ዋጋ የሚተመነው በእርሱ ላይ ነው።