ጉበት የተባለው ልብ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር ሲለኝ፣ በመካከላችን ሐኪም እያለ እኔ ባለሱቁ ምን ልናገር ብዬ ነበር። «ያየኸውን ተናገር» አሉኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትንና ዶክተሮቹ አስረድተውኝ የገባኝን ነው። ስህተት ቢገኝበት ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም። ዓመቶቹንም በፈረንጆች ቁጥር ነው የምጠራው።

የእህቴን ልጅ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2014 ከሞያሌ መጥቶ ኢስሊ ካለው ሱቄ ገባ። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ የጤፍ ኩንታል ብቻውን ያወርዳል። በዓመቱ ሆዱ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ «የናይሮቢ ምግብ ተስማማው» እያልን ሳቅንበት። ቆይቶ ግን ፊቱና ክንዱ እየከሳ ሆዱ ብቻ እየገፋ ሄደ። ደረጃ ሲወጣ ሁለቴ ይቀመጣል።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። በአልትራሳውንድ አዩትና ጉበቱ ተልቋል፣ ሆዱም ውኃ ቋጥሯል፣ ጉበት ነው አሉን። መጠጥ ይተው ተባለ። ልጁ እኮ ከፋሲካ ጠላ በቀር መጠጥ አያውቅም! ሌላ ዘንድ ሄድን፣ እዚያም ጉበት። የሚያሸና ኪኒን ተሰጠው፤ ሦስት ጊዜ ውኃውን በመርፌ ቀዱለት፤ በሳምንት በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። እህቴ ጠበል እንዲሄድላት ከሞያሌ ትደውላለች። ጠበሉንም አልተውንም። እንዲህ እያልን አሥራ አራት ወር አለፈ።

በ2016 ሦስተኛው ሐኪም ቤት አንድ ጎልማሳ ዶክተር አገኘን። ይህ ሰው ሆዱን ከመንካቱ በፊት አልጋው ላይ በትራስ ደገፍ አድርጎ አስቀመጠውና አንገቱን ማየት ጀመረ። ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «አየር ወደ ውስጥ ሳብ» አለው። የአንገቱ ደም ሥር እንደ ገመድ ተገተረ። «አጎት፣ ቅረቡና እዩ» አለኝ። ጤነኛ ሰው አየር ሲስብ ያ ደም ሥር ዝቅ ይላል፤ የዚህ ልጅ ይብስ ያብጣል። ይህን ምልክት ኩስማውል የሚባል የጀርመን ሐኪም በ1873 ጽፎት ነበር አለኝ። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው፤ መሣሪያ አይፈልግ፣ ገንዘብ አያስከፍል፤ አንገት ማየት ብቻ።

ቀጥሎ ልጁን «ቲቢ ይዞህ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ አቀረቀረ። ለካ ሞያሌ ሳለ ደረቱ ውኃ ቋጥሮ ታሟል፤ የስድስት ወር መድኃኒት ታዝዞለት በሁለተኛው ወር ሲሻለው ተወው። ለእኔም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ፣ ያከሙትም አልጠየቁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ የምትቀመጥበት ስስ ከረጢት አለ፣ ከወረቀት ብዙም የማይወፍር። ቲቢ እሱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውኃ ይቋጥራል፤ በኋላ ከረጢቱ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ ኖራም ያበጃል። የጠፍር አልጋ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ይታሰርና ሲደርቅ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። የልጁም ልብ እንደዚያ ተጠፈረች። መምታቱን ትመታለች፣ ግን ተከፍታ ደም መቀበል አቃታት። የመጋዘን በር ሲጠብ ካሚዮኑ ሁሉ ውጭ እንደሚሰለፈው፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ጉበት ላይ ቆመ፤ ጉበቱ አበጠ፣ ውኃው ሆድ ውስጥ አፈሰሰ። ጉበት ያሉን ሰዎች ያዩት ውሸት አልነበረም። የሰልፉን ጭራ አይተው ነው በሩን ያላዩት። ፒክ የሚባል የፕራግ ሐኪም በ1896 ስለዚሁ ጉበት መሳይ በሽታ ጽፎ ነበርና ስህተቱ የቆየ ነው።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ደረቱን በጎን ኤክስሬይ ሲያነሡት ልቡ ዙሪያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ መስመር ታየ። ሆኖም ዶክተሩ ቶሎ አልተጣደፈም። በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ይህን የሚመስል ሌላ በሽታ አለ፤ ዴቪስ የተባለ ሐኪም በ1948 ካምፓላ ላይ ሆኖ የጻፈለት። እሱ የልብን የውስጥ ገበር ነው የሚያጠነክረው። ሆድ ማሳበጡ አንድ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ ከውጭ ይላጣል፣ ሌላው ልብን መክፈት ይፈልጋል። ስለዚህ ኢኮ ታየ፣ ሲቲ ስካን ታየ፣ በመጨረሻም ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልቡ ገብቶ ግፊቱ ተለካ። እኔ ወጪው አሳስቦኝ አጉረምርሜአለሁ፤ አሁን ያፍረኛል። የቲቢ መድኃኒቱንም እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመሩት።

ቀዶ ሐኪሙ ሲያነጋግረኝ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ከዚህ ቀዶ ሕክምና አይተርፉም፣ ካልተሠራ ግን ልጁ እየከሰመ ይሄዳል አለኝ። ፊርማ ፈረምኩ። ለእህቴ ስደውል «ቀላል ነው» አልኳት። ቁጥሩን አልነገርኳትም። በኋላ ከልጇ ሰምታ ሁለት ወር አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው።

ደም አምጡ ተባልን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ጠዋት መጥታችሁ ሰጣችሁ። ሁለቱን ጭራሽ በስም አላውቃቸውም ነበር። ከእድሩ ደብተር የተሰበሰበው ገንዘብም የካቴተሩን ወጪ ሸፈነ።

ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ፈጀ። የደረቱን አጥንት መሐል ለመሐል ከፍተው ያንን ቅርፊት እንደ ልጣጭ አነሡት። በግራና በቀኝ ድያፍራሙን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነርቮች ይወርዳሉ፤ እነሱ እንዳይነኩ መጠንቀቅ አለባቸው። የግራውን የልብ ጎን ነው አስቀድመው የሚያላቅቁት፤ ቀኙ ቀድሞ ከተፈታ ደሙ ሳንባን ያጥለቀልቀዋል ብለው አስረዱኝ። ኖራው ሥጋ ውስጥ የገባበትን ቦታ እንደ ደሴት ትተውታል። ይህን ሥራ በ1913 ሬንና ዛወርብሩክ የተባሉ የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ሠርተውታል፤ ሬን በ1896 በጩቤ የተወጋ ሰው ልብ የሰፋው ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ስገባ አንገቱን አየሁ፤ ገመዱ የለም። ሽንቱ ሌት ተቀን ይወርዳል፤ ነርሷ መያዣውን መቀየር ሰለቻት። ሲወጣ ሱሪው አልይዝ ብሎት ቀበቶው ላይ ሦስት ቀዳዳ በምስማር በሳሁለት።

ይህን የማነሣው ብዙዎቻችን በየቦታው ዘመድ ስላለን ነው። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2009 ተከፍቷል፤ ካምፓላ የኡጋንዳ የልብ ተቋም አለ፤ ዳሬሰላምም በ2015 የጃካያ ኪክዌቴ የልብ ተቋም ተቋቁሟል። ካርቱም በ2007 የተከፈተው የሳላም ማዕከል ከጎረቤት ሀገር ለሄዱትም በነጻ ይሠራ ነበር፤ በ2023 ጦርነቱ ሲነሣ ግን መንገዱ ተዘጋብን። እዚያ ከመድረስ በፊት ግን አንድ ሰው «ልብ ይሆን?» ብሎ መጠርጠር አለበት። ሆዱ የገፋ፣ እግሩ ግን ያን ያህል ያላበጠ፣ የአንገቱ ደም ሥር የሚገተር ሰው ቤታችሁ ካለ፣ በተለይ ቲቢ ከነበረበት፣ ሐኪሙን «አንገቱን ይዩልን» በሉት። አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረም ልጅ ካላችሁ፣ ስድስቱ ወር እስኪያልቅ ኪኒኑን በዓይናችሁ ፊት ይዋጥ፤ «ድኛለሁ» ቢላችሁ አትስሙት።

ልጁ ዛሬ እዚህ የለም፤ ሱቁን ማን ይጠብቅ። ያ የጎን ኤክስሬይ ከሚዛኑ በስተኋላ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማየት የፈለገ ብቅ ይበል፣ ብርሃን ላይ ይዤ አሳየዋለሁ።