የባለቤትና የማሰሪያ አንቀጽ ስምምነት በእንግሊዝኛ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መንገዱ ቢፈቅድልን በመጪው ክረምት ከመካከላችን ብዙዎች ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና በዙሪያቸው ወዳሉት የገጠር ቀበሌዎች ተመልሰን ታናናሾቻችንን ለማስጠናት አስበናል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ፊደል ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ግሥ መጨረሻ ስለምትጨመረው ስለ «ኤስ»።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአገራችን ልጅ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም የታሪኩም መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፤ ሌላም ብዙ ነገር ጎድሏል። ሆኖም ባለቤቱን ከማሰሪያው ጋር ማገናኘት ያልቻለ ልጅ ጥያቄው ስለ ማን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ መሆኑ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ልጁ ፈተና የሚቀመጠው ክርክራችን እስኪያልቅ ጠብቆ አይደለም።

ብዙ መምህራን «ተማሪው ስምምነት አያውቅም» እያሉ በቀይ ያሰምሩበታል። እኔ ግን ይህ ሐሰት ነው እላለሁ። እረኛው ልጅ ሳይቀር መጣሁ፣ መጣን፣ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣችሁ፣ መጣ፣ መጣች፣ መጡ ብሎ 8 መልክ አንዱን ከአንዱ ሳያምታታ ይናገራል። እንግሊዙ ለዚህ ሁሉ ያለው «ኬም» የምትል አንዲት ቃል ናት። ግዕዝማ ግሡን በዐሥሩ መራሕያን ያስኬደዋል፤ ዋሸራንና ጎንጅን ባፈራችው በጎጃም ይህን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የቅኔ ተማሪ የእንግሊዝኛን ግሥ ቢያይ በድህነቱ የሚገረም ይመስለኛል። እንግሊዝኛም ጥንት የግሥ መድረሻዎች ነበሩት፤ በዘመናት ብዛት ረገፉና በአሁን ጊዜ ግሥ ላይ ለሦስተኛ መደብ ነጠላ ይህች «ኤስ» ብቻ ቀረች።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ይሳሳታሉ? ስሕተታቸው ከአለማወቅ ሳይሆን ከአማርኛ ዕውቀታቸው የሚመጣ ስለ ሆነ ነው።

«ማይ ፋዘር አር ኤ ፋርመር» ብሎ የጻፈውን ልጅ ተመልከቱ። በቤቱ «አባቴ መጡ» እንጂ «አባቴ መጣ» እንዳይል ተደርጎ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው። አክብሮቱን ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ገባ። ይህን ልጅ ከመሳቅ ይልቅ አንድ ነገር ብንነግረው ይሻላል፤ እንግሊዞችም ይህንኑ አድርገው ነበር። «ዩ» ድሮ ለብዙ ሰዎች የሚነገር ነበር፤ ለአንድ ሰው «ዛው» ይባል ነበር። ኋላ ግን ለአንድ የተከበረ ሰው «ዩ» ማለት ተለመደና «ዛው» ከተራ ንግግር ወጣ። ዛሬ አንድን ሰው ብቻ ስናነጋግር «ዩ አር» የምንለው፣ «ዩ ኢዝ» የማንለው በዚህ ምክንያት ነው። አንቱታ ማለት እኮ ነው! ልዩነቱ እነሱ በፊት ለፊት ላለው ብቻ ሲያደርጉት እኛ ለሌለውም ማድረጋችን ነው።

ሌላው ቁጥር ነው። በአማርኛ «አሥር ሰው መጣ»፣ «ሁለት በሬ ገዛ» ቢባል ነውር የለበትም፤ ብዛቱን ቁጥሩ ስለ ተናገረ ስሙን ማብዛት ግድ አይሆንም። «ሕዝቡ መጣ» ስንልም ሕዝብን እንደ አንድ እንቆጥረዋለን። እንግሊዝኛ ግን «ፒፕል»ን ብዙ አድርጎ «ፒፕል አር» ያሰኛል፤ በ«ኤስ» የሚያልቀውን «ኒውስ»ን ደግሞ አንድ አድርጎ «ኒውስ ኢዝ» ያሰኛል። እንዲህ ያለውን በቃል ከማጥናት በቀር ዘዴ የለውም።

ፊደሊቱ ራሷም ታታልላለች። በስም ላይ ስትሆን ብዙ ማለት ናት፤ በግሥ ላይ ስትሆን አንድ። «ዘ ፋርመር ሴልስ ሜይዝ»፣ «ዘ ፋርመርስ ሴል ሜይዝ»፤ ከስሙ ስትወርድ ግሡ ላይ ትወጣለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባለቤቱ ከግሡ ሲርቅ ነው። «የበሬዎቹ ዋጋ ውድ ነው» ስንል ባለቤቱ ዋጋ ነው፤ ከማሰሪያው አጠገብም ተቀምጧል። እንግሊዝኛው «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዚ ኦክስን ኢዝ ሃይ» ሲል ግን ዋጋ ወደ ፊት ሄዶ ከግሡ አጠገብ የቆሙት በሬዎቹ ናቸው። ልጁም ያየውን ይዞ «አር» ይላል። ለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ማዞር ይረዳል፤ «የ» የተሸከመው ስም ባለቤት አይሆንም። «ነጋዴዎቹ የሸጡት በርበሬ ጥሩ ነው» ቢባልም እንደዚሁ «የሸጡት» በ«የ» ስለ ተያዘ ማሰሪያ አይደለም፤ ማሰሪያው «ነው»፣ ባለቤቱም በርበሬው ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ ነጋዴዎቹ ብዙ ሆነው ቢታዩም የበርበሬው ግሥ «ኢዝ» ይሆናል።

ስለዚህ የምሰጣችሁ ሐሳብ መልመጃውን ከቡሬ ገበያ እንድታወጡት ነው። ልጁ ባልጎበኘው የለንደን ድልድይ ፈንታ በርበሬ፣ በቆሎና በሬ ይቁጠር። በመጀመሪያ በአማርኛ «የማን ነው ግሡ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሳያመነታ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን አምጡለት።

በግሡ ላይ «ነት»ና «ዳዝ» ሲገቡ «ኤስ» ወዴት እንደምትሄድ ለመናገር ሰዓቱ አልበቃኝም። ጥያቄ ያለው ወንድም ወይም እኅት ካለ ከዚያ እንጀምር።