ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ጥንቃቄና ስለ ነርሶች ተግባር

(ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደሩ ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ሐኪም በሽታውን መርምሮ መድኃኒት ያዝዛል፤ የመድኃኒት ክፍሉም ያዘጋጃል። ነገር ግን በሐኪም ቤት ውስጥ መድኃኒቱን ለሕመምተኛው የምታደርሰው የመጨረሻዋ እጅ የነርሷ እጅ ናት። ከዚያ በፊት የተፈጸመ ስሕተት ቢኖር በእርሷ ዘንድ ሊታረም ይችላል፤ ከእርሷ ካለፈ ግን መመለሻው አስቸጋሪ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የተባለውን ዓለም አቀፍ ጥረት የጀመረውና በመድኃኒት አሰጣጥ ምክንያት የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ያቀደው፥ ችግሩ የአንድ አገር ብቻ ባለመሆኑ ነው።

ነርሶች በትምህርታቸው አምስት ነገሮችን በቃላቸው ያጠናሉ። እነዚህም ትክክለኛው ሕመምተኛ፥ ትክክለኛው መድኃኒት፥ ትክክለኛው መጠን፥ ትክክለኛው መንገድና ትክክለኛው ሰዓት ናቸው። መድኃኒቱ እንደ ተሰጠም ወዲያው በካርዱ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ሳይመዘገብ ከቀረ፥ ተራውን የምትረከበው ነርስ እንዳልተሰጠ ቈጥራ ልትደግመው ትችላለችና።

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የመያዝ ልማድ ስለሌለ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ የራሳቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢተኙ እንግዳ ነገር አይደለም። «እርስዎ አቶ እገሌ ነዎት?» ብሎ መጠየቅም አይበቃም፤ የደከመ ወይም ጆሮው የከበደ ሰው ሳይሰማም «አዎን» ይላልና። ስለዚህ ነርሷ «ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ትላለች፤ መልሱንም ከካርዱ ቍጥርና ከዕድሜው ጋር ታመሳክራለች። ይህንኑ ጥያቄ ጠዋትም ማታም ብትደግመው፥ «ትናንት ነግሬሽ አልነበረምን?» ብሎ መቈጣት አይገባም። ጥያቄው ንቀት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

የሰዓትም ነገር እንዲሁ ጥንቃቄን ይሻል። በውጭ አገር አቈጣጠር ለጠዋት «8» ተብሎ የተጻፈው፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቍጥሩን እንዳለ ያነበበ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሚመስለው መድኃኒቱ በ6 ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ጠዋት፥ ቀን ወይም ማታ መሆኑ በግልጽ ሊጻፍ ያስፈልጋል። የሚጾም ሕመምተኛም ጾሙን ሳይደብቅ ለነርሷ ቢነግራት፥ ሰዓቱ ከሐኪሙ ጋር በምክር ሊወሰን ይችላል።

ከአምስቱ ሁሉ ሕዝቡ እምብዛም የማያስተውለው የመንገዱ ነገር ነው። አንዱ መድኃኒት በአንዱ መንገድ ሲያድን በሌላው ይገድላል።

በአፍ የሚሰጠው ቀላል ቢመስልም የራሱ ሕግ አለው። ራሱን ለሳተ ሰው ኪኒን ወይም ሽሮፕ በአፉ ቢደረግ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ኪኒን ቢፈጭ፥ ለብዙ ሰዓት የታሰበው ኀይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የሕፃን ሽሮፕ የሚለካው በሚሊ ሊትር ሲሆን፥ የቤት ማንኪያ ግን ልዩ ልዩ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር በተሰጠው መለኪያ መስፈር ይገባል።

በመርፌ የሚሰጠውም አንድ ዓይነት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባት ለጨቅላ ሕፃን 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ በክንድ ቆዳ ውስጥ ይሰጣል፤ ጠልቆ ቢገባ ሥፍራው ሊመግል ይችላል። የስኳር በሽተኛ የሚወስደው ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ይገባል፤ ሆድ ስለሚፈጨው በአፍ ቢወሰድ አይጠቅምም። የሚለካውም በዩኒት ስለሆነ የራሱ መርፌ ያስፈልገዋል።

ለጡንቻ የተዘጋጀው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ይህ እንደ ወተት የነጣ መድኃኒት፥ በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብን በሮች የሚያበላሸው ሕመም እንዳይደገም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ ሲሆን የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ጠብቋል። ነገር ግን ወደ ደም ሥር ቢገባ ልብንና ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ነርሷ መርፌውን ካስገባች በኋላ መግፊያውን ጥቂት ወደ ኋላ ስባ ደም አለመምጣቱን ታያለች። በመቀመጫ ላይ ሲሰጥ ከላይ በውጭ በኩል ያለውን ሥፍራ ትመርጣለች፤ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ቢወጋ ሕመምተኛው ሊያነክስ ይችላልና። አስቀድማም ፔኒሲሊን ተስማምቶት እንደ ሆነ ትጠይቃለች፤ ድንገተኛ መቈጣት ቢነሣ በጭን ጡንቻ የሚሰጠውን አድሬናሊን በአጠገቧ ታኖራለች፤ ከወጋችም በኋላ ጥቂት እንዲቈይ ታዘዋለች። ሕመምተኛው ተቻኵሎ መሄድ የለበትም።

በደም ሥር የሚሰጠው በፍጥነት ስለሚሠራ ስሕተቱም ፋታ አይሰጥም። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር ቢገፋ ልብን ያቆማል፤ ስለዚህ ከሌሎች ብልቃጦች ጋር ተደባልቆ ሊቀመጥ አይገባም። ለዓይንም ቢሆን፥ ለዓይን ተብሎ ከተዘጋጀው በቀር ሌላ ቅባት ወይም ጠብታ አይደረግም።

ከዚህ የተነሣ «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚለው አስተሳሰብ ሊታረም ይገባዋል። ኪኒን በሚበቃበት ጊዜ መርፌ መሻት ያለ ጥቅም አደጋን መጨመር ነው። ፈቃድ የሌለውን ወጊ ወደ ቤት መጥራት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ በአንድ መርፌ ሁለት ሰው ቢወጋ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉና።

የሹማምንት ድርሻም ትንሽ አይደለም። ንጹሕ ውኃ፥ ሌሊት የማይጠፋ መብራት፥ የሕፃናት ሚዛን፥ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥንና ቍልፍ ያለው ቍም ሣጥን ሳይሟሉ ነርሷን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍርድ አይሆንም። መድኃኒት በምትለካበት ጊዜም ባለሥልጣን ቢሆን ሊያቋርጣት አይገባም። ስሕተት ሲደርስ ፈጥና ያስታወቀችውን ነርስ ከሁሉ አስቀድሞ መቅጣትም ሌሎቹን መደበቅን ያስተምራል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ በሌላ ሕመምተኛ ላይ ይደገማል።

እንግዲህ ነርሷ ስም ስትጠይቅ በትዕግሥት መመለስ፥ የማይስማማን መድኃኒት መናገር፥ የሚሰጠው ምን እንደ ሆነና በየት በኩል እንደሚሰጥ በጨዋነት መጠየቅ የሕመምተኛውና የአስታማሚው ፈንታ ነው። ሕመምተኛው ሲጠይቅ ነርሷ አትቀየም፤ ነርሷ ስትጠይቅም ሕመምተኛው አይቀየም። በዚህ መከባበር የመድኃኒቱ ጥቅም ይበዛል፤ ጉዳቱም ይቀንሳል።