አደራው የማን ነው?
ስለ ውይይት ማኅበራችን ባለአደራዎች በእድሩ አዳራሽ የተደረገ ንግግር



ወንበር ያልደረሳችሁ ይቅርታ አድርጉልን። የእድሩ ወንበሮች ትናንት ለቅሶ ቤት ሄደው ገና አልተመለሱም።

እንደምታውቁት የውይይት ማኅበራችን ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በነዚህ ዓመታት ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ወጣቶቻችን ሥራ ማጣት ተወያይተናል። አሁን ደግሞ ባለአደራ የሚባሉ አምስት ሰዎች መምረጥ አለብን። በመሆኑም ብዙዎቻችሁ «ኮሚቴ እያለ ባለአደራ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለመስጠት ግን ከራሳችን ጥፋት መጀመር አለብን።

ባለፈው ዓመት ስለ ቤት ኪራይ ውይይት ጠርተን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ አዳራሽ ያዋሱን ወገኖች በዋዜማው ደውለው ርዕሱ እንዲቀየር ጠየቁን። እኛም ለማንም ሳንነግር እሺ አልን። እናንተ ለኪራይ ጉዳይ መጥታችሁ ስለ ችግኝ ተከላ ሰምታችሁ ሄዳችሁ። መቼም ችግኝ መትከል ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ልጆች ይዛ ቤት ልቀቂ የተባለች እኅታችን ከኋላ ተቀምጣ እጇን አውጥታ ሳትጠየቅ ቀረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስብሰባችን ላይ አልታየችም። ኮሚቴው ሥራ ሠሪ ነው፤ ሥራ ሠሪ ደግሞ ስብሰባው እንዳይቀርበት ይቸኩላል። «ይህ ርዕስ ይቀየር ከተባለ ስብሰባው ይቅር» የሚል ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ባለአደራ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ይናገራል፤ ይኸውም ሰጪው ባዘዘው መሠረት ባለአደራው የሚያስተዳድረው፣ ራሱን የቻለ ንብረት ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም የበጎ አድራጎት አደራን ከድርጅት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ከዚያ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ድርጅቶች በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «አምስት ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ጠንካራ ሰው ይበቃል» ብለዋል። ይህን ነገር ቀልድ አድርገን አላለፍነውም። አንድ ሰው የበቃበት ቦታ አለና።

በአሜሪካ አገር ቦስተን በምትባለው ከተማ ጆን ሎዌል የሚባል የሀብታም ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 እና 1831 ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በሞት አጣ። ከዚያ በኋላ አገር ለአገር ይዞር ጀመር። በ1835 ግብፅ ውስጥ በሉክሶር ሆኖ ኑዛዜውን አሟላ፤ ቀጥሎ በሱዳን በኩል አድርጎ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ1836 ቦምቤይ ላይ ሞተ። ከሀብቱ ግማሹን፣ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ለከተማው ሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር እንዲውል ተናዘዘ።

ኑዛዜውን ልብ በሉልኝ። ባለአደራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሥራውን በያዘ በሳምንት ውስጥ ተተኪውን መሰየም አለበት፤ ብቁ ሰው ከተገኘ ከሎዌል ቤተሰብ ይሁን ይላል። ከገንዘቡ ለሕንጻ አንዲት ሳንቲም አትወጣም። ከየዓመቱ ገቢ ከዐሥር አንዱ ወደ ዋናው ገንዘብ ይመለሳል። ሒሳቡን ደግሞ በየዓመቱ ለሌላ ተቋም ባለአደራዎች ያሳያል። ከ1836 እስከ 1978 ድረስ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለንግግሩ ቲኬት የመጣው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ የመጻሕፍት መደብሩ መስኮት ተሰባብሯል።

ታዲያ ለምን አንድ ሰው አይበቃንም? እኛ የምናየው እንዲህ ነው። ሎዌል የተወው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡን የሚጠብቅ አንድ ታማኝ ዘመድ ይበቃዋል። የኛ ሀብት ግን ገንዘብ አይደለም፤ ከሳጥናችን ውስጥ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ለሻይም አይበቃ። እኛ የምንጠብቀው ሰው ያለ ፍርሃት ተነሥቶ የሚናገርበትን ሰዓት ነው። ይህን አንድ ሰው ቢጠብቀው፣ እርሱ የፈራ ዕለት ሁላችንም ፈራን ማለት ነው። በተጨማሪም የአንድ ቤተሰብ ወንበር ለኛ ሰፈር አይስማማም፤ ማን እንደሚቆጣ አሁኑኑ መገመት ይቻላል።

እዚያው ቦስተን ፎርድ ሆል የሚባል ሌላ መድረክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ጆርጅ ኮልማን የጀመረው ነው። እዚያ ከንግግሩ በኋላ ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄ ከንግግሩ እኩል ይቆጠር ነበር። በ1929 ስለ ወሊድ ቁጥጥር ታስተምር የነበረችው ማርጋሬት ሳንገር በከተማው እንዳትናገር ተከልክላ ሳለ፣ አፏን አሽጋ መድረኩ ላይ ቆመች። ንግግሯን ሽሌሲንገር የተባለ የታሪክ ፕሮፌሰር አነበበላት። በሐሳቧ የማይስማማ ይኖራል፤ ከኛም መካከል አለ። እኛን የገረመን መድረኩን ያልነፈጓት ሰዎች ጉዳይ ነው። እኛ በአንድ ስልክ ወደ ችግኝ ዞረናል።

አሁን ወደ ተጨባጩ ነገር እንምጣ። አንድ የሰፈራችን ተወላጅ የሆኑ ባለሀብት የራሳችንን አዳራሽ ሊሠሩልን ፈቃደኛ መሆናቸውን በደብዳቤ ገልጸዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን በደብዳቤው መጨረሻ የዓመቱን ርዕሶች አስቀድመው እንዲያዩ ይጠይቃሉ። ኮሚቴው በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሻችን «ማየት ብቻ ምን አለበት? ክረምት እየመጣ ነው» እንላለን፣ ግማሻችን እንፈራለን። ስለዚህ መልሱን እኛ አንሰጥም። የመጀመሪያው የባለአደራዎች ሥራ ይህ ይሆናል።

በእጩነት የምታቀርቡት ሰው የእድሩ ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ባይሆን እንመርጣለን፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ብቻ ሳይሆን አንድ ሰው ሁለት አደራ ሲይዝ አንዱን ለሌላው ማስያዣ ስለሚያደርገው ነው። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ቤት ተከራይቶ የሚኖርም አንድ ሰው ይኑርበት። ያችን እኅታችንን የምታውቁ ካላችሁ ኮሚቴው ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ለመጠየቅ ይፈልጋልና አድራሻዋን ለጸሐፊው በቃል ንገሩት።

ምርጫው የፊታችን እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነው። የባለሀብቱ ደብዳቤ ሙሉ ቃል ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ተለጥፏል፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍነነዋል።