የእናቶቻችን የዱባ ዘር
(በበዓሉ ቀን ለእንግዶች የተደረገ ንግግር)



የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ዱባ ሊናገሩ ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። ይሁን። ዱባ ግን የሩቅ አገር እንግዳ ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ወዲህ ነው። በእኛም ጓሮ ከለመደ በኋላ እናቶች ጣዕሙን የወደዱለትን፤ ወጡ የማይላላበትን፤ ክረምቱን ሳይበሰብስ የሚቆየውን እየመረጡ ዘሩን በጨርቅ ቋጥረው ለልጆቻቸው አወረሱ። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ግራጫ ሆኖ ያለ መጥረቢያ የማይከፈል፤ ከጎረቤቱ ደግሞ ቀይና ጎርባጣ ዱባ ይገኛል።

ይህ ዘር በዝምታ ይጠፋል። ከገበያ የተገዛ ሌላ ዱባ አጠገቡ ሲተከል ንብ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ንቢቱን አንወቅሳትም፤ ሥራዋ ነው። ክፋቱ ግን የዘንድሮው ዱባ መልኩም ጣዕሙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው። እናት ምንም ሳትጠረጥር ዘሩን ታስቀምጣለች፤ በሚመጣው ዓመት የማታውቀው ዱባ ይበቅልባታል።

በማሳቹሴትስ ጄምስ ግሪጎሪ የተባለ ዘር ነጋዴ በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ ጠንካራ ዱባ ለገበያ ሲያወጣ፤ ዱባውን ባስተዋወቀችው በኤልሳቤጥ ሐባርድ ስም ጠራው። ሐባርድ ዛሬም ይዘራል። የእኛ እናቶች ዱባ ግን ስም እንኳ አልወጣለትም።

ዘሩን ለመጠበቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ክር ይበቃል። ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ስላላት ትታወቃለች። በማግስቱ የሚፈኩትን አንድ ወንዴና አንዲት ሴቴ አበባ ማታ ጫፋቸውን በክር ማሰር ነው። ጧት የወንዴውን ቅጠል ገፍፎ ብናኙን በሴቴዋ ልብ ላይ መቀባት፤ ከዚያም እርሷን መልሶ ማሰርና አንገቷ ላይ ምልክት ማድረግ። አበባው የሚፈካው ለአንድ ጧት ብቻ ስለሆነ የረፈደበት አይቀናውም።

ወገናቸው የተለያየ ዱባዎች ግን በአብዛኛው አይዳቀሉም። ወገኑ በአንገቱ ይለያል፤ የማክሲማ ክብና እንደ ቡሽ የላላ፤ የፔፖ ጠንካራና ባለ 5 ማዕዘን፤ የሞስካታ ደግሞ ዱባው ዘንድ ሲደርስ የሚሰፋ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለምን?

እኛ በዚህ ክረምት ወደየቤታችን እንሄዳለን። እናቶቻችን ጨርቁን ሲፈቱ አጠገባቸው ተቀምጠን ዘሩ ከማን እንደመጣ እንጠይቃለን፤ መልሱንም ከዘሩ ጋር በወረቀት ጽፈን እንቋጥራለን።