ቀበቶው ታስሮ መብራቱ ለምን ይበራል?

(ድምፅ፦ ተደጋጋሚ የዳሽቦርድ ጩኸት)

አቅራቢ፦ ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ ጫፍ አካባቢ መኪናው ተጠጋግቶ ሲቆም ይህ ጩኸት ነርቭ ይነካል። ቀበቶ አስራችኋል፤ ቀዩ መብራት ግን አልጠፋም።

መጀመሪያ ጎናችሁን እዩ። ጋቢና ወንበሩ ላይ የድንች ፌስታል ካለ፣ ከወንበሩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ሰው የተቀመጠ መስሎት ይሆናል። ፌስታሉን አንሱት፤ ዝም ካለ ጨርሳችኋል።

ካላለ ወደ መቆለፊያው እንሂድ። ምላሱ ሲገባ «ታስሯል» ብሎ ለመኪናው የሚናገር ትንሽ ስዊች ውስጡ አለ። ሳንቲም ወይም የቆሎ ፍርፋሪ ከገባበት ምልክቱ ሊቋረጥ ይችላል። ምላሱን ሰክታችሁ ወዝወዝ አድርጉት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ እዚያው ነው። በአየር ይነፋ። ዘይት ግን አታፍስሱበት፣ አቧራ ይሰበስባል።

ጩኸቱ የጀመረው ላቫጆ ምንጣፉን ካጠበ በኋላ ከሆነስ? ከወንበሩ ስር ያለው የሽቦ ሶኬት ረጥቦ ይሆናል። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ! ቢጫ ሶኬቶች አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግና የቀበቶ መወጠሪያ ናቸው፤ ያለ ጥንቃቄ ከተነካኩ ሊፈነዱ ይችላሉ። ባትሪ ነቅሎ መሥራት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ድርሻ ነው።

ቀበቶውን ከጀርባው አዙሮ እየሰካ ጩኸቱን የሚያስቆምም አለ። እሱ ጥገና አይደለም፤ ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ያሰረን ሰው እንዲቀበል ነው። ጋራዥ እስክትደርሱ መብራቱ ይብራ፣ እናንተ ግን እሰሩ።